የወጥ ቤቱ በረንዳ

የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ ታውቂያለሽ? ከዓባይ በረሃ ተጨንቆ የወጣ የጭነት መኪና ደጀን ላይ ሲቆም ከሆዱ ሥር የሚወጣው ሽታ ነው። ጎማም ፀጉርም አብረው የተቃጠሉ ይመስላል። ባለፈው ሳምንት እዚህ ደብረ ማርቆስ፣ ስቱዲዮዬ በር ላይ አንድ አይሱዙ ቆመና ያ ሽታ ቀድሞት ገባ። የሙሽሮች አልበም እያስተካከልኩ ነበር። ባለጉዳዮቹ አጠገቤ ተቀምጠው ይጠብቁኛል፤ እኔ ግን ሥራው እምቢ አለኝ። ተነሥቼ በሩን ዘጋሁት። ደግሞ ትንፋሽ ያጠረኝ መሰለኝና መልሼ ከፈትኩት። ሙሽሪት “አሞሽ ነው እንዴ?” አለችኝ። አላመመኝም። ደጀን ሄጄ ነበር።

ያደግሁት በዚያ ሽታ ውስጥ ነው። አባቴ ከአስፋልቱ ዳር የሸራና የገመድ ሱቅ ነበረው። ሾፌሮች ጭነታቸውን የሚያለብሱበትን ሸራ፣ የሚያስሩበትን ገመድ ከእሱ ይገዙ ነበር። ቤታችን ከሱቁ ጀርባ ስለሆነ የሞተር ድምፅ ተለይቶን አያውቅም። በክረምት ጉሙ ከገደሉ ተነሥቶ መንገዱን ሲሸፍነው መኪኖቹ አይታዩም፤ መብራታቸው ብቻ ቢጫ ሆኖ ይመጣል፣ ቢጫ ሆኖ ይሄዳል። ሁሉም ይሄዳል። መንገደኛው ወርዶ እግሩን ያፍታታል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ቦንቦሊኖ ይገምጣል፣ ይሄዳል። ከመንገድ ዳር ተወልደሽ የትም ሳትሄጂ ማደግ ምን ያህል እንደሚያቁነጠንጥ እንዴት ልንገርሽ?

ታላቅ እህቴ ግን ሄዳለች። እኔ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ቤሩት ገባች፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስጠብቅም እዚያው ነበረች። ስትደውል እናቴ የምትጠይቃት ሁልጊዜ አንድ ነው። “በልተሻል? መኝታሽስ ይመቻል?” እህቴም፣ “አልሐምዱሊላህ፣ እማዬ። ለብቻዬ ነው የምተኛው። ባሕር የሚያይ መስኮት አለኝ” ትላታለች። ያ መስኮት በቤታችን ዝነኛ ነበር። እናቴ ለጎረቤት ታወራዋለች። ባሕር አይቼ የማላውቀው እኔ ደግሞ በሐሳቤ ከነማዕበሉ ስዬዋለሁ። ፓስፖርት ያወጣሁትም በዚያ መስኮት የተነሣ ይመስለኛል። ደላላው ጥቅምት ላይ እደውልልሻለሁ ብሎኛል። አባቴ ነገሩን አልወደደውም። እናቴ ግን “እህቷ ጋ ከሆነማ” እያለች ግማሽ ልቧን ሰጥታኛለች።

የዚያን ዓመት ሐምሌ ነው ፎቶ አንሺዋ ሱቃችን የገባችው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እርስ በርስ አንሰማማም ነበር። ሠላሳዎቹን የጀመረች፣ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ ከአዲስ አበባ የመጣች ሴት ናት። የካሜራ ሻንጣዋን የምታለብስበት ቁራጭ ሸራ ፈልጋ ነው የገባችው። አባቴ ሲቆርጥላት ዓይኗ ግድግዳው ላይ አረፈ። እዚያ የተሰቀለው ለዒድ የተነሣነው የቤተሰብ ፎቶ ነው። አባቴና እናቴ ተቀምጠዋል፤ እኔ ከኋላቸው ቆሜያለሁ፤ ከጎኔ እህቴ አለች።

“የዚች ልጅ ጥላ ለብቻው በሌላ በኩል ነው የወደቀው” አለች ፎቶ አንሺዋ።

“እሷ ቤሩት ናት” አለቻት እናቴ።

“ታዲያ እዚህ ከእናንተ ጋር ቆማ የለም?”

“ስቱዲዮው ነው ያመጣት።”

እናቴ ይህን ስትል አንዳችም አላፈረችም። በከተማችን እንደዚያ ያላደረገ ቤት ጥቂት ነው። የሄደው ልጅ ፎቶውን ይልካል፣ ስቱዲዮው ቆርጦ ከቤተሰቡ መሐል ያቆመዋል፤ በቃ። ፎቶ አንሺዋ ግን ሸራዋን ታቅፋ መሄዱን ረሳችው። ሥራዋን ነገረችን። ሰው የሄደባቸውን ቤቶች ነው የምታነሣው፤ ሳትቀንስ፣ ሳትጨምር፣ እንዳሉ። አባቷ የአምበር ሰው ነበሩ። እሷ ግን አምበርን በአውቶቡስ መስኮት ከማየት በቀር አታውቃትም።

“‘የማን ልጅ ነሽ?’ ይሉኛል” አለች። “የአባቴን ስም ስነግራቸው እሱን ያውቁታል። ከዚያ መልሰው እኔን ያዩኛል፤ እኔን አያውቁኝም።”

መንገዱንም ሰዉንም የሚያውቅ ሰው ፈልጋ ነበር። ቀና ብዬ አባቴን አየሁት። አባቴ ገመዱን እየጠቀለለ፣ “ፀሐይ ሳትጠልቅ የምትመልሻት ከሆነ” አላት።

እንዲህ ሆኖ ያንን ክረምት ከቤት ቤት ዞርኩ። እርስዎ ስላት “አንቺ በይኝ፣ አታስረጂኝ” ትላለች። መቀመጥ አትችልበትም። ሻይ ሲቀርብላት እንኳ ቆማ ነው የምትጠጣው፤ ዓይኗ ብርሃን የሚገባበትን በር ይፈልጋል። እኔም ካንድ ቦታ የማልረጋ ስለነበርኩ እናቴ “ሁለቱ ፌንጣዎች መጡ” ትለን ነበር። የምንገባባቸው ቤቶች የረጠበ ጭቃና የአዲስ ሶፋ ሽታ የተቀላቀለባቸው ናቸው። ሶፋው ከነፕላስቲኩ ነው፤ የሚገለጠው የገዛችው ልጅ ስትመጣ ነው። እኛን የሚያስቀምጡን መደቡ ላይ ነው።

አምበር አጠገብ አንድ መሪጌታ ነበሩ። ልጃቸው ሪያድ ከሄደች ቆይታለች፤ ድምጿ ከጠፋም ከርሟል። ፎቶ አንሺዋ ቃል እየመረጠች፣ “ልጅዎ እንግዲህ እዚያው ቀረች ማለት ነው?” ብላ ጠየቀቻቸው።

መሪጌታው ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። “አዎ፣ ቀረች” አሉ። ቀጥለውም፣ “እኛ ቀረች ስንል ሳትመጣ ቀረች ማለታችን ነው። እዚያ ያሉት ቀረች ሲሉ ሳትሄድ ቀረች ማለታቸው ነው። ቃሉ አንድ ነው። ልጄ በየትኛው እንደቀረች ግን የሚፈታልኝ አላገኘሁም” አሉ።

ፈገግ ያሉ መስሎኝ ነበር። ፎቶ አንሺዋ ያነሣቻቸው ያን ጊዜ ነው፤ በኋላ ፎቶውን ሳየው ፈገግታ አልነበረም።

እኔ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ በዚያ ሁሉ ቤት ስዞር ልቤ ከቀሩት ጋር አልነበረም። እናቶቹ ሲያለቅሱ እየሰማሁ፣ ደላላው መቼ ይደውል ይሆን እላለሁ። የሄዱት ልጆች ፎቶ ግድግዳ ላይ ሲታየኝ ጫማቸውን ነበር የማየው። ምን ዓይነት መንገድ ላይ ይረግጡበት ይሆን እያልኩ።

መስከረም ሊጋመስ ሲል እህቴ ደወለች። ኮንትራቷ አልቋል፤ ትመጣለች። ፎቶ አንሺዋ መምጣቷን ለማንሣት ፈቃድ ስትጠይቅ እናቴ፣ “አንሺ፣ ምን ይከለክልሻል? ዘንድሮስ ስቱዲዮ አያስፈልገንም” አለቻት።

ከአዲስ አበባ የመጣው አውቶቡስ ከሱቃችን ፊት ለፊት ቆመ። መጀመሪያ የወረደው ትልቅ ሻንጣ ነው፤ ቀጥሎ ሌላ ሻንጣ፤ ከዚያ እህቴ። ግድግዳችን ላይ ካለችው ትረዝማለች፣ ትከሳለችም። እናቴ አንገቷን አቅፋ አልለቅ አለች። እህቴ ከእናቴ ትከሻ በላይ አሻግራ አየችኝና፣ “ይቺ ማናት?” አለች። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ቀልድ አልነበረም።

ሶፋው ተገለጠ፣ በግ ታረደ፣ ጎረቤት ገባ ወጣ። እህቴ ግን አላረፈችም። ሳይነጋ ተነሥታ ወለሉን ታጥባለች። ወለሉን ስትጨርስ የአባቴን ሱቅ መደርደሪያ ትወለውላለች፤ አባቴ “ሸራ እኮ ነው፣ ነገም አቧራ ነው” ይላታል። ምግብ ሲቀርብ ሁሉም እስኪበላ ትቆማለች። እናቴ “ተቀመጪ እንጂ፣ ልጄ” ስትላት ሶፋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ አሁን ጠርተው እንደሚያስነሷት ዓይነት። ከጓዳ ድምፅ ሲሰማ ብድግ ትላለች። አሥር ሰዓት አካባቢ ሲሆን ደግሞ ስልኳን ደጋግማ ታያለች።

“ማን ይደውልልሻል?” አልኳት አንድ ቀን።

“ማንም። ልጁ አሁን ከትምህርት ቤት ይገባል” አለች።

የማዳሟን ልጅ ማለቷ ነው። ከአራስ ቤት ጀምራ ያሳደገችው እሷ ናት። ልትመጣ ስትል ሻንጣዋን ሲያይ፣ ለገበያ የምትወጣ መስሎት፣ ብስኩት እንዳትረሺ ብሏታል። ይህን ስትነግረኝ ሳቀች። ከዚያ ፊቷን አዙራ ባልዲ አነሣች።

ፎቶ አንሺዋን መጀመሪያ አልወደደቻትም። “ይቺ ሴትዮ ምን ትፈልጋለች? ተቀምጬ አንሺኝ ስላት አታነሣኝም፤ ስጠርግ ታነሣኛለች” ትለኛለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን፣ ሱቅ ውስጥ ሦስታችን ሆነን፣ ልጁን ላሳይሽ ብላ ስልኳን ከፈተችላት። ፎቶ አንሺዋ ስልኩን ተቀብላ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። ከዚያ፣ ከመጣች ጀምሮ ያላየሁትን አደረገች። የተጠቀለለው ገመድ ላይ ቁጭ አለች።

ሁሉም ፎቶ ከአንድ ቦታ የተነሣ ነው። የማዳሟ ወጥ ቤት በረንዳ ነው። የልብስ ማድረቂያ ሽቦ፣ ፊት ለፊት ያለ ሕንፃ፣ በሁለት ሕንፃዎች መሐል ደግሞ እንደ ክር የቀጠነች ባሕር። ያቺ ክር በአንዱ ፎቶ ሰማያዊ ናት፣ በአንዱ ግራጫ፣ በአንዱ ፀሐይ ስትገባ ቀልታለች። ሽቦው ላይ የተሰቀሉት የሕፃን ልብሶች ከፎቶ ፎቶ ትልልቅ እየሆኑ ይሄዳሉ። እህቴ ራሷ አንዱም ላይ የለችም።

“እኔ ስዞር የከረምኩት ይኼን ፍለጋ ነው” አለች ፎቶ አንሺዋ።

“ይኼ ምኑ ይታያል?” አለቻት እህቴ። “ልብስ ማስጫ ነው።”

ብዙ ቀን ለመነቻት። ከሌሎቹ ቤቶች ፎቶዎች ጋር አብረው እንዲሰቀሉ፣ ያነሣችው እሷ መሆኗም ከሥራቸው እንዲጻፍ። በመጨረሻ እሺ ያሰኛት ልጁ ነው። ልጁ የተኛበት አንድ ፎቶ ነበር፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ከብርድ ልብሱ ውስጥ የጭንቅላቱ ፀጉር ብቻ ይታያል። “ይኼን በትልቁ አድርጊልኝ። ሌላውን እንደፈለግሽ” አለች። እኔም አየሁት። ልጅ ብቻ ነው የታየኝ።

ታኅሣሥ ውስጥ እዚህ ማርቆስ አንድ አዳራሽ ተፈቀደላትና ፎቶዎቹ ተሰቀሉ። የጠዋቱ ብርድ ገና አልለቀቀም፤ ፀሐይ በረጃጅሞቹ መስኮቶች ገብታ አዲስ የታተመውን ወረቀት ስታሞቀው ቀለሙ ይሸታል። ተማሪዎች መጥተዋል፣ ነጋዴዎች መጥተዋል። ከየቤቱ ያነሣናቸው ሰዎች ራሳቸውን በጠቋሚ ጣት እየፈለጉ ይዞራሉ። አባቴ የገበያ ቀን ነው ብሎ ሱቁ ቀረ። እናቴ አዲሱን ሻሿን አስራ፣ በእኔና በእህቴ መሐል ሆና ገባች።

የባሕሩ ፎቶዎች ፊት ቆመች።

“ይኼ ነው መስኮትሽ?”

“አዎ፣ እማዬ።”

“እውነትም ባሕር ያያል” አለች፤ ደስ ብሏት ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። ከዚያ ወደ ትልቁ ፎቶ አለፈች።

“የተኛውስ?”

“ልጁ ነዋ!” እህቴ ፊቷ በራ። “ትኩሳት ይዞት ነው፣ እማዬ። ከእናቱ አልጋ ተነሥቶ በጨለማ እየዳበሰ እኔ ጋ መጥቶ ተኛ። ጠዋት ሲፈልጉት እዚህ…”

እናቴ ልጁን አላየችም። ዝቅ ብላ፣ ዓይኗን አጥብባ፣ ከልጁ ጎን ያለውን የልብስ ማጠቢያ ማሽን አየች። መወልወያውን አየች። የዱቄት ሳሙናውን ባልዲ አየች። የፍራሹን ስስነት፣ ከሥሩ የሚታየውን ሲሚንቶ አየች።

“ይኼ የማን መኝታ ነው?” አለች።

እህቴ ወደ ፎቶው ዞረች። ያን ጊዜ ነው መሰለኝ ፎቶውን እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው።

“የማን መኝታ ነው? አልኩሽ።”

“የኔ” አለች።

እናቴ እጇን ዘረጋች። ወረቀቱ ላይ፣ ከፍራሹ ጠርዝ ወርዶ ሲሚንቶው ላይ የተዘረጋ የብርድ ልብስ ጫፍ ነበር። በመዳፏ ወደ ላይ ዳበሰችው፣ ልትመልሰው። ወረቀት ነው፣ አይመለስም። ደግማ ዳበሰችው። ከኋላችን አንድ የካሜራ ድምፅ ተሰማ።

“በቃ!” ብላ እህቴ ወደ ፎቶ አንሺዋ ዞረች። ፎቶ አንሺዋ ደነገጠች።

እናቴ ግን ሳትዞር፣ እጇንም ሳታነሣ፣ “ተያት። አንሺ እንጂ፣ ልጄ፤ ምን ያስቆምሻል? እጄንም አልጋውንም አንሺ። ልጅ እዚያ ያላት ሁሉ ትየው” አለች።

እህቴ ቀድማ ወጣች። እናቴ ፎቶ አንሺዋ እስክትጨርስ እጇን ከወረቀቱ ላይ አላነሣችም።

በሚኒባስ ተመለስን። አምበርን እንዳለፍን እናቴ መንገዱን እያየች፣ “በሩስ?” አለች።

“የቱ በር?” አለች እህቴ።

“ከወጥ ቤቱ ወደዚያ የሚያስወጣው።”

“ማታ ማታ ይቆለፋል።”

“የምትቆልፊው አንቺ ነሽ?”

እህቴ ወደ መስኮቱ ዞረች። “አይ” አለች።

ደጀን ስንደርስ አባቴ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ለአንድ ሾፌር ሸራ ይለካል። እናቴ አልፋ ገባችና ጓዳ ጠርታ ነገረችው። ሲወጣ መቀሱን ያዘ፣ ቆረጠ፤ ሸራው አጠረ። ሾፌሩ ሊቆጣ ብሎ ፊቱን ሲያይ፣ “ግድ የለም፣ አባቴ፣ ይደርስልኛል” ብሎ ያንኑ ወሰደ።

ጥቅምት ላይ ይደውላል የተባለው ደላላ የደወለው በዚያው ሳምንት ነው። ስልኬን ያነሣችው እህቴ ናት። ምን እንዳለችው አላውቅም፤ በዐረብኛ ነበር፣ ረጅምም ነበር። ሁለተኛ አልደወለም። ፓስፖርቴ አንድም ማኅተም ሳያርፍበት ጊዜው አለፈ። ሰው ሲጠይቀኝ ፈርቼ ቀረሁ እላለሁ። ፍርሃት ብቻ አልነበረም። እናቴ እንደገና ሌላ ብርድ ልብስ ልትዳብስ ነው ብዬ ሳስብ እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። የፎቶ ሥራውን ያስያዘችኝ ፎቶ አንሺዋ ናት። የእናቴ እጅ ፎቶ ብዙ አገር ዞሯል አሉ። እናቴ የት እንደደረሰ ጠይቃ አታውቅም።

እህቴስ? የካቲት ሳያልቅ ተመልሳ ሄደች። ዱባይ። እናቴ ለምናለች፣ ተቆጥታለች፣ እንጀራም አልበላም ብላለች። እህቴ ሻንጣዋን እያሰረች፣ “እማዬ፣ እዚህ እንግዳ አደረጋችሁኝ። እንግዳ ከመሆን ሠራተኛ መሆን ይሻለኛል፤ ሠራተኛ ቢያንስ ተነሥቶ ምን እንደሚሠራ ያውቃል” አለቻት። ያኔ ጨካኝ መስላኝ ነበር። ዛሬ፣ አልበሙን ትቼ በር ስከፍትና ስዘጋ፣ ያለችው ትንሽ ይገባኛል። ባዳም ቤተኛም ሳይሆን የሚኖር ሰው አለ።

አባቴ ካለፈ ወዲህ እናቴ እዚህ ማርቆስ እኔ ጋ ናት። ዓይኗ ደክሟል። እህቴ በቪዲዮ ስትደውል ስልኩን እኔ ነኝ የምይዝላት። ሰላምታ የለም፤ መጀመሪያ “አዙሪው” ነው የምትላት። እህቴም ስልኩን ይዛ ክፍሉን ትዞራለች። አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ የጫማ መደርደሪያው፣ የመኪና ማቆሚያ የሚያየው መስኮት። እናቴ ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠግታ ታያለች፤ የሚታያት ብዙ ላይሆን ይችላል።

“በሩ ጋ ሂጂ።”

“ሄድኩ፣ እማዬ።”

“ቆልፊው።”

ቁልፉ ሲዞር ከዚያ ማዶ ቀጭ ይላል።

“አልሰማሁትም፣ ድገሚው።”

ሰምታዋለች፤ ጆሮዋ ደህና ነው። እህቴም መስማቷን ታውቃለች። ግን ትከፍተውና ከውስጥ ሆና እንደገና ትቆልፈዋለች።

“ጎሽ” ትላለች እናቴ፣ ወደ ትራሷ ጋደም እያለች። “በይ አሁን ቁጭ በይና ንገሪኝ። በልተሻል?”